የድሮ ናፍጣ መኪኖች ሰልፍ፦ የጋራ ማመልከቻ ረቂቅ (እባካችሁ ከርእሱ አትውጡ)

ጸሐፊ (ሰኞ ማታ)
በስብሰባው የተባባልነውን ጽፌዋለሁ። ለክፍለ ከተማው የሚገባው ይህ ነው። የወሩ መጨረሻ እሁድ ጠዋት ለገሃር እንሰበሰባለን። በቸርችል ሽቅብ ነድተን ማዘጋጃ ቤት እንቆማለን። እዚያ የእያንዳንዱን መኪና የጠዋት አነሳስ ድምፅ እንቀዳለን። ባለቤቱም ትዝታውን ይናገራል። ቅጂውን ለሚቀበለን ቤተ መዘክር እንሰጣለን። ዋናው ዓላማ እሱ ነው። ከ2016 ወዲህ በነዳጅ የሚሄድ የቤት መኪና እንዳይገባ ተከልክሏል። በፖስታ ቤት በኩል ድምፅ የሌላቸው መኪኖች ሽው እያሉ ነው። የዛሬ ልጅ ካንዴሌታ (የናፍጣ ሞተር ከመነሳቱ በፊት የሚያሞቀው ዕቃ) እስኪሞቅ ቁጭ ብሎ መጠበቅን አያውቅም። መዋጮ በሰው 2,000 ብር። አስተያየት እስከ ዓርብ። የምሳ ጉዳይ አሁን አይነሳም።

መካኒኩ
ዳገት ወጥቶ የሞቀ ሞተር የጠዋት ድምፅ ከየት ያመጣል? ቀረጻው ለገሃር ይሁን፣ ሳንነሳ። መኪኖቹ ማታውኑ መጥተው እዚያው ይደሩ።

ገንዘብ ያዥ
የሚያድሩ ከሆነ ጥበቃ ይከፈላል። 2,000 አይበቃም። የአምናውን ያልከፈላችሁ ደግሞ ራሳችሁን ታውቃላችሁ።

ሃይስ ለገሃር
ቪዲዮውን ለእኔ ተዉት። ካሜራ አለኝ፣ ማይክም አለኝ። ያለቀ ነው።

ባለ 240
ሰልፉን ማን ይመራል? አልተጻፈም።

ጸሐፊ
ይደርሳል።

ባለ 240
አይደርስም። አምናም «ይደርሳል» ተብሎ ነው ላንድክሩዘሩ ፈትልኮ የሄደው። እኛ ጭሱን ስንውጥ እሱ ማዘጋጃ ደርሶ ማኪያቶ አዝዟል። የሚያምረው ከፊት ይሁን። ነጭ መርሴዲስ 240 ከፊት፣ ሌላው በተርታ ከኋላ።

ላንድሮቨር አራት ኪሎ
የሚያምረው ማለት ያንተ ማለት ነው።

መካኒኩ
ዳገት ላይ ወጉ አንድ ነው። በጣም ቀርፋፋው ከፊት ይሄዳል፣ ሌላው በእሱ ልክ ይከተላል። ፈጣኑ ከመራ ሰልፉ ይበጣጠሳል። መሀል ላይ ሚኒባስ ይገባና ሰው መጫን ይጀምራል።

ባለ 200
እንግዲያው ክርክር የለም። እኔ ነኝ። መርሴዲስ 200 ናፍጣ፣ 55 ፈረስ ጉልበት። ከዜሮ ተነስቶ 100 ለመግባት 31 ሰከንድ ይፈልጋል። ያውም ጀርመን አገር፣ አዲስ ሆኖ።

ላንድሮቨር አራት ኪሎ
እረፍ እንጂ። የእኔ 2.25 ሊትር ናፍጣ ነው። 62 ፈረስ ጉልበት ይላል፣ ካንተ በ7 ይበልጣል። ክብደቱስ? ቅርጹስ? ነፋስ ፊት የቆመ ቁም ሳጥን ነው። 100 ስትል ይገርመኛል። የእኔ 100 የሚባል ቁጥር ላይ ደርሶ አያውቅም።

ባለ 200
እናቴን እንጦጦ ማርያም ሳደርሳት ሽሮ ሜዳን እንዳለፍን «ልጄ፣ አውርደኝ፣ በእግሬ ይሻለኛል» አለችኝ። ወርዳ ቀደመችኝ። ምስክር አለኝ።

ላንድሮቨር አራት ኪሎ
እኔን እዚያው ዳገት ላይ አህያ አልፎኛል። እንጨት ሊጭን የሚወጣ ነው፣ ባዶውን ነው ብዬ ተጽናናሁ።

ፔጆ ካዛንቺስ
504 ናፍጣን ማን ረሳ? ስትነሳ ሰፈሩ አብሮ ይነሳል። ካዛንቺስ እያለን ጎረቤት የሰዓት ደወል አይሞላም ነበር። ናይጄሪያ እስከ 2000ዎቹ እ.ኤ.አ. ድረስ ስትገጣጠም የኖረች መኪና ናት። አሁን የሄድንበት ኮንዶሚኒየም ግን በሁለተኛው ሳምንት ለኮሚቴ ከሰሱኝ። ይሄ ይቀዳ።

ጸሐፊ
ትዝታውን ለቀረጻው አቆዩት። ማመልከቻው ላይ አስተያየት ያለው?

መካኒኩ
አንድ ነገር ልበላችሁና ልተኛ። ይህ ከተማ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ነው። አየሩ ስስ ነው። ተርቦ (አየር ጨምቆ የሚያስገባ) የሌለው ሞተር እዚህ ጉልበቱን በአንድ አምስተኛ ያህል ያጣል። ስለዚህ 55ቱ 44 ነው፣ 62ቱም 50 አይሞላም። የናፍጣ ፓምፑ ደግሞ ለቆላ አየር የተስተካከለ ከሆነ ናፍጣው ከአየሩ ይበዛል። ጭሱ የሚጠቁረው ለዚህ ነው፣ ሁልጊዜ ሞተሩ ስላረጀ አይደለም። ከጉራችሁም አንድ አምስተኛ ቀንሱ።

ባለ ቮልስ (ማክሰኞ)
እኔ መምጣት እችላለሁ?

ባለ 240
ቮልስ ቤንዚን ነው።

ባለ ቮልስ
አውቃለሁ። ጠየቅኩ እንጂ።

ባለ 240
ወደ ቁም ነገሩ። ቀርፋፋነት ምን ክብር አለው? ጥንካሬ ይታይ። የግሪኩ ባለታክሲ 240 4.6 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ሄዶ ነው በ2004 እ.ኤ.አ. የፋብሪካው ሙዚየም የገባው። ይህን ያደረገ ላንድሮቨር አምጡልኝ።

ላንድሮቨር አራት ኪሎ
ያ ግሪክ ነው፣ አንተ ቂርቆስ ነህ። ያንተ 240 ባለፈው ከስታዲየም በገመድ የተጎተተው በማን ነው? በዚሁ በቁም ሳጥኑ ነው።

ባለ 240
ፍሪሲዮን ነው እንጂ ሞተር አይደለም! ሞተሩማ ማጥፋቱ ነው የሚቸግረው። አንድ ጊዜ ቁልፉን ነቅዬ ኪሴ ከትቼ ባንክ ገባሁ። ዘበኛው ተከትሎኝ መጣ፤ «ጋሼ፣ መኪናዎ እየሠራ ነው።» የቫኪዩም (አየር መምጠጫ) ቱቦ ተቀድዶ ነበር። ሞተሩን የሚያጠፋው እሱ ነው። ኮፈኑን ከፍቼ ፓምፑ ላይ ያለውን ማጥፊያ በእጄ ተጭኜ ነው ያቆምኩት። በሮቹም አልቆለፍ ብለው ሰነበቱ፣ እነሱም በቫኪዩም ናቸው።

ባለ 200
ይሄ ጥሩ ትዝታ ነው፣ ይቀዳ። ከፊት የምሄደው ግን እኔ ነኝ። ዕድሜዬን ሙሉ በቀርፋፋነቱ ስትስቁብኝ ኖራችሁ። ዛሬ ክብር ሲሆን ልትቀሙኝ?

ፔጆ ካዛንቺስ
ግን ለምን ሽቅብ? ከማዘጋጃ ቁልቁል ሞተር አጥፍተን እንንከባለል። ናፍጣ ፍለጋ ማደያ ስንሰለፍ እየዋልን ናፍጣ ለጨዋታ ማቃጠል ነውር ነው።

መካኒኩ
ሞት አምሮሃል? የቤንዚን መኪና ለፍሬኑ ቫኪዩም ከራሱ አየር ማስገቢያ ያገኛል። የናፍጣው ግን ሞተሩ ከሚያዞረው ፓምፕ ነው። ሞተር ከጠፋ አንድ ሁለቴ ትረግጣለህ፣ ከዚያ ፍሬኑ ይደርቅብሃል። ቴዎድሮስ አደባባይ ላይ የሚያቆምህ መድፉ ብቻ ነው።

ፔጆ ካዛንቺስ
ሐሳብ ባመጣሁ ቁጥር እሰደባለሁ። ከማኅበሩ ወጥቻለሁ። መዋጮዬ ይመለስልኝ።

ገንዘብ ያዥ
የትኛው መዋጮ?

ላንድሮቨር አራት ኪሎ (ረቡዕ)
ነገሩ በወሬ አይፈታም። ቅዳሜ ጠዋት 12፡30 ለገሃር እንገናኝ፣ እኔና ባለ 200። እስከ ቴዎድሮስ አደባባይ በሰዓት ይለካ። የዘገየው ይመራል።

ባለ 200
እመጣለሁ።

አዲስ አባል
የክፍለ ከተማውን ፈቃድ እኔ እከታተላለሁ። እዚያ የማውቀው ሰው አለ።

ጸሐፊ
ተባረክ። በውስጥ ስልክህን ላክልኝ። ሌላ ጉዳይ፦ የወሩ መጨረሻ እሁድ ብለን ነበር። መንገድ ለመኪና የሚዘጋበት የ«መንገድ ለሰው» ቀን አይሆንም? ከ2011 ጀምሮ ያለ ነው፣ እንዴት አንዳችንም አላሰብነውም? ቀኑን ወደ ሁለተኛው እሁድ አዙሬዋለሁ።

ፔጆ ካዛንቺስ
ሁለተኛው እሁድ ሰርግ አለብኝ።

ባለ 240
ወጥተህ አልነበር?

ፔጆ ካዛንቺስ
አሁን እሱን ተወው።

ባለ 200 (ቅዳሜ)
ውጤቱን ልንገራችሁ። ላንድሮቨሩ አጭበርብሯል። ከብሔራዊ ቴአትር ጀምሮ እግሩን ከነዳጅ መስጫው አንስቶ ነው የወጣው። ሁለተኛ ማርሽ ይበቃው የነበረውን በአንደኛ ተጎተተ።

ላንድሮቨር አራት ኪሎ
እሱስ? ጥቁር አንበሳ ጋ መብራቱ አረንጓዴ ሆኖ ቆሞ ነበር! «ሞተር ጠፋብኝ» ይላል። በሕይወቴ ላለመቅደም እንዲህ የሚታገል ሰው አላየሁም።

ባለ 200
ጠፍቶብኝ ነው! ሊሴ ገብረማርያም አጠገብ ትራፊክ ፖሊሱ አስቁሞ «ምን ሆናችሁ ነው?» ሲለን «ውድድር ላይ ነን» ያልከው አንተ ነህ። ሊብሬ እንድናወጣ ያደረግከን አንተ ነህ።

መካኒኩ
ስንት ደቂቃ ፈጀ?

ላንድሮቨር አራት ኪሎ
ፖሊሱ ከያዘን በኋላ ሰዓቱን ማን ያየዋል?

የአባቴ 190 (ቅዳሜ ማታ)
ሰሞኑን ሁሉንም አነበብኩ። የአባቴ መኪና መርሴዲስ 190ዲ ነው፣ ፖንቶን የሚባለው የድሮ ቅርጽ። 50 ፈረስ ጉልበት። ቁጥር ከሆነ የምትፈልጉት ከሁላችሁም ያንሳል። ግቢያችን ውስጥ ቆሟል፣ አባቴ ካረፈ ወዲህ አልተነሳም። አባቴ ጠዋት ሲያስነሳው መጀመሪያ የሚሰማው ሳሉ ነበር፣ ቀጥሎ መኪናው ይስላል። ሁለቱን መለየት ያቅተን ነበር። እሱን ለማስቀዳት ነው የተመዘገብኩት።

ባለ 200
እህቴ፣ ነፍስ ይማር። ግን የማይነሳ መኪና ቀርፋፋ አይባልም፣ የቆመ ነው የሚባለው።

ላንድሮቨር አራት ኪሎ
ለመጀመሪያ ጊዜ ከባለ 200 ጋር ተስማማሁ።

ባለ ቮልስ
ለምን ታዲያ ቮልሱ አይመራም? የማንም ክብር አይነካም።

ባለ 240
በናፍጣ ሰልፍ ቤንዚን ይምራ?! እኔ ለዚህ 2,000 ብር አላወጣም። በቃኝ።

መካኒኩ
እሱን ተዉትና የ190ውን ነገር ንገሩኝ። ናፍጣ ውስጡ ሲቆም ፓምፑ ይጣበቃል። መፍታት፣ ማጠብ፣ ማስተካከል ያስፈልጋል። ናፍጣውን የሚረጩት ኖዝሎችም ይታያሉ። ካንዴሌታዎቹ የድሮ ዓይነት ናቸው፣ በተከታታይ ነው የተያያዙት። አንዱ ከተቃጠለ አራቱም ይሞታሉ። ከ1980 እ.ኤ.አ. ወዲህ የመጡት የመርሴዲስ ካንዴሌታዎች ለየብቻ ናቸው። አንዱ ቢሞት በሦስቱ እያነከሰ ይነሳል። ሶማሌ ተራ የድሮውን አያገኙም፣ ከውጭ ነው የሚመጣው። እጄን አላስከፍልም። ለዕቃው ግን መዋጮው ቢውል?

ገንዘብ ያዥ
የሰልፍ መዋጮ ለአንድ ሰው መኪና? በየትኛው ቃለ ጉባኤ?

የአባቴ 190
እኔ አለመንኩም። ድምፁን አልኩ እንጂ ገንዘብ አላልኩም።

ፔጆ ካዛንቺስ
የውጭ ከመጣ እኔም ካንዴሌታ እፈልጋለሁ። በአንድ ላይ ቢታዘዝ ይቀንሳል።

ላንድሮቨር አራት ኪሎ
እኔም አራት።

ባለ 240
እኔ አራት ካንዴሌታ፣ አንድ የቫኪዩም ፓምፕ ጥገና ዕቃ፣ የቫኪዩም ቱቦ በሜትር።

ጸሐፊ
በቃኝ ብለህ አልነበር?

ባለ 240
ከሰልፉ ነው የወጣሁት፣ ከካንዴሌታው አይደለም።

ጸሐፊ (እሁድ)
አዲሱ አባል ስልኩ አይነሳም። ፈቃድ የለንም ማለት ነው። አንድ ወዳጃችን ግቢ ሊሰጠን ተስማምቷል፣ ከለገሃር ብዙ አይርቅም። ቅድመ ሁኔታ አለው፤ ጭስ ስለማይፈልግ ሞተር አይነሳም። መኪኖቹ ተገፍተው ይገባሉ።

ባለ 200
ሞተር ሳይነሳ ምን ሊቀዳ ነው? ማመልከቻው የድምፅ አልነበረም?

ጸሐፊ
ትዝታው ይቀዳል። ሃይስ፣ ካሜራው እንዴት ነው?

ጸሐፊ
ሃይስ?

ላንድሮቨር አራት ኪሎ
ሃይስ ሐዋሳ ሥራ ይዞ ሄዷል አሉ።

የአባቴ 190
እኔ በስልኬ መቅዳት እችላለሁ። ግን መኪናዬ ስትነሳ ብቻ።

መካኒኩ
ማክሰኞ ጠዋት እመጣለሁ፣ ፓምፑን ላየው። ሰውም አታብዢ፣ ምክር ይበዛል።

ገንዘብ ያዥ (ሰኞ)
በድምፅ ብልጫ የተወሰነው ይህ ነው። ሰልፉ ፈቃድ ሲገኝ ይታያል። እስከዚያ መዋጮው ለጋራ ዕቃ ግዢ ይውላል። ካንዴሌታ የሚፈልግ የመኪናውን ዓይነት፣ ዓመተ ምሕረቱን፣ የሞተር ቁጥሩንና ብዛቱን እስከ ረቡዕ ይጻፍ። የአምና ዕዳ ያለበት አይካተትም። ፔጆ፣ አንተን ነው። የተረፈ ገንዘብ ካለ ቢሾፍቱ ዓሣ እንበላበታለን።

ባለ ቮልስ
በካንዴሌታ ፋንታ ካንዴላ፣ የቤንዚን መኪናውን፣ ማዘዝ ይቻላል?

ገንዘብ ያዥ
2,000 ከፍለሃል?

ባለ ቮልስ
ሰኞ ዕለት፣ መጀመሪያ የከፈልኩት እኔ ነኝ።

ገንዘብ ያዥ
አሁን አየሁት። ስንት ይሁንልህ?