ፈንታኒልና ፕሮፖፎል ሰጥተን ኤልኤምኤ ስናስገባ ሕመምተኛው ለምን ያስላል?

ጠያቂ፦
ሰላም ባልደረቦች። ለአጭር ቀዶ ሕክምና ጤነኛ ጎልማሶች ላይ 4 ቁጥር ኤልኤምኤ (በአፍ ገብቶ ማንቁርት ላይ የሚቀመጥ የመተንፈሻ ማስክ) ስናስገባ ፈንታኒል (ኃይለኛ የሕመም ማስታገሻ) 1 ማይክሮግራም በኪሎ፣ ወዲያው ደግሞ ፕሮፖፎል (በደም ሥር የሚሰጥ ሰመመን) 2 ሚሊግራም በኪሎ እንሰጣለን። እንዲያም ሆኖ መንጋጋቸው አልከፈት ይላል፤ ኤልኤምኤው ጉሮሮ ሲነካ ያስላሉ፣ እጃቸውን ያነሳሉ። ፈንታኒሉን ወደ 2 እናሳድገው? ፈንታኒል ሲጠፋስ በምን እንተካ?

አኔስቴቲስት፦
መጠኑን ከመንካታችሁ በፊት ሰዓቱን አስተካክሉ። ፈንታኒል ጉልበቱ የሚወጣው ከ3 እስከ 5 ደቂቃ ባለው ጊዜ ሲሆን ፕሮፖፎል ግን በአንድ ደቂቃ ተኩል ገደማ ይደርሳል። አከታትላችሁ ሰጥታችሁ በ30 ሰከንድ ካስገባችሁ ፈንታኒሉ ገና አልሠራም። የሚሠራው ኤልኤምኤው ከገባ በኋላ፣ ማለትም ጉሮሮን የሚቀሰቅሰው የማስገባቱ ሥራ ካለፈ በኋላ ነው፤ ያኔ ትርፉ ትንፋሽ ማቆም ብቻ ይሆናል።

70 ኪሎ ለሚመዝን ሰው፦ 70 ማይክሮግራም (50 በሚሊ ከሆነው አምፑል 1.4 ሚሊ) ቀስ ብላችሁ ስጡና ማስክ አድርጋችሁ 3 ደቂቃ ኦክስጅን አስተንፍሱ። ከዚያ 1% ፕሮፖፎል 14 ሚሊ በ30 ሰከንድ። ከ60 እስከ 90 ሰከንድ ጠብቁ። የሽፋሽፍት ምላሽ (ሽፋሽፍት ሲነካ ዓይን መርገብገቡ) መጥፋቱ ብቻውን አይበቃም፤ ጉሮሮ ከዚያ የጠለቀ ሰመመን ይፈልጋል። መንጋጋውን ከኋላ ማዕዘኑ ይዛችሁ ወደፊት ግፉ። ሕመምተኛው ካልተንቀሳቀሰ አስገቡ። ከተንቀሳቀሰ 3.5 ሚሊ ፕሮፖፎል ጨምራችሁ ሌላ 30 ሰከንድ ጠብቁ እንጂ በጉልበት አትግፉ።

ሌላ ባለሙያ፦
ከላይ ባለው እስማማለሁ። ወደ 2 ማሳደጉን ግን አልመክርም፤ ትንፋሽ የሚቆምበት ጊዜ ይረዝማል፣ የደም ግፊትና የልብ ምት አብረው ይወርዳሉ። ፈንታኒል በፍጥነት ሲሰጥ ራሱ ያስላል፣ በብዛት ሲሆን ደግሞ ደረትን ያገትራል። አረጋውያን ላይ ፈንታኒሉን 0.5፣ ፕሮፖፎሉን ከ1 እስከ 1.5 አድርጉና ከጎልማሳ በላይ ጠብቁ፤ ደማቸው መድኃኒቱን የሚያደርሰው ቀስ ብሎ ነው። ኤፌድሪን (የደም ግፊት የሚያነሳ) እና አትሮፒን (የልብ ምት የሚያፈጥን) በሲሪንጅ ተቀድተው አጠገባችሁ ይሁኑ። ትንፋሹ ከቆመ በቀስታ አስተንፍሱ፤ የምትነፉት አየር ግፊት ከ20 ሴንቲ ሜትር ውሃ ካለፈ አየር ወደ ጨጓራ ይገባል።

ሦስተኛ መላሽ፦
ፈንታኒል ከሌለ ሞርፊን አይተካውም፤ ጉልበቱ እስኪወጣ 20 ደቂቃ ገደማ ይፈጃል። የሚሻለው ሊዶኬይን (የማደንዘዣ መድኃኒት) 1.5 ሚሊግራም በኪሎ በደም ሥር ከፕሮፖፎሉ በፊት ሰጥቶ ፕሮፖፎሉን ወደ 2.5 ማሳደግ ነው። የደም ግፊቱ እንዳይወርድ የሚያሰጋ ሰው ላይ ኬታሚን (ሌላ ሰመመን) 0.5 ሚሊግራም በኪሎ አስቀድሙ። ኬታሚን ብቻውን ግን ለኤልኤምኤ አይሆንም፦ የጉሮሮ ምላሽ እንዳለ ይቀራል፣ ምራቅም ይበዛል። ቲዮፔንታልም (በደም ሥር የሚሰጥ ሌላ ሰመመን) እንደ ፕሮፖፎል መንጋጋ አያላላም፤ ያላችሁ እሱ ብቻ ከሆነ በትንፋሽ በሚወሰደው ሰመመን በሃሎቴን በማስክ አጥልቁ። ሌላው በትንፋሽ የሚወሰድ ሰመመን አይሶፍሉሬን የአየር መተላለፊያን ስለሚያስቆጣ ለዚህ አይመችም።

ጠያቂ፦
እጅግ አመሰግናለሁ። ማንቁርቱ ቢዘጋስ?

አኔስቴቲስት፦
ኤልኤምኤውን አውጡ፣ ምራቅ ካለ ምጠጡ፣ 100% ኦክስጅን ማስኩን አጥብቃችሁ በማያቋርጥ ግፊት ስጡ፣ መንጋጋውን ወደፊት ግፉ። ካልተከፈተ ፕሮፖፎል 0.5 ሚሊግራም በኪሎ። ኦክስጅኑ እየወረደ ከሆነ ሰክሲኒልኮሊን (ጡንቻ በፍጥነት የሚያላላ) 1 ሚሊግራም በኪሎ ሰጥታችሁ ቱቦ አስገቡ። ሰክሲኒልኮሊኑ ፕሮፖፎሉ ከመጀመሩ በፊት የተቀዳ ይሁን፤ በዚያ ሰዓት አምፑል መስበር ያስረፍዳል።