«ዲስከስ አባውት»ን በኮንኮርዳንስ ማረም ይቻላል?

ጥያቄ፦ የ9ኛ ክፍል ተማሪዎች «ዲስከስ አባውት ዘ ፕሮብሌም» ብለው ይጽፋሉ። ደንቡ (ያለ «አባውት»፣ «ዲስከስ ዘ ፕሮብሌም» መባሉ) ቢነገራቸውም በሳምንቱ ያው ነው። ክፍሉ ውስጥ ኢንተርኔት የለም። ከኮርፐስ፣ ማለትም ከትልቅ የእውነተኛ ጽሑፎች ስብስብ፣ የሚወጣ ኮንኮርዳንስ (አንድ ቃል የሚገኝባቸው መስመሮች ዝርዝር) ያዋጣል?

መልስ 1፦ ያዋጣል። ስህተቱ «ስለ ችግሩ ተወያየን» ከሚለው አማርኛችን የመጣ ስለሆነ ደንብ ከመደጋገም ማስረጃ ማሳየት ይሻላል። ኢንተርኔት ባለበት ቦታ ኮካን (COCA የተባለውን የድረ ገጽ ኮርፐስ) ይክፈቱ፤ ከ1 ቢሊዮን ቃላት በላይ የያዘ የአሜሪካ እንግሊዝኛ ነው። «ዲስከስ»ን ፈልገው ውጤቱን በስተቀኝ ባለው ቃል ያስደርድሩ። ከባድ ቃል የበዛባቸውን መስመሮች ጥለው ከ10 እስከ 12 ያትሙ። ተማሪዎቹ ከ«ዲስከስ» ቀጥሎ ያለውን ቃል ብቻ ያስምሩበት፤ «ዘ»፣ «ዚስ»፣ «ሀው» ያገኛሉ። ደንቡን ራሳቸው ይናገሩት፣ እርስዎ አይቅደሟቸው።

መልስ 2፦ አንድ ወጥመድ አለ። «ዲስከሽን አባውት» ትክክል ነው። ግሡንና ስሙን ጎን ለጎን ካላሳዩ ተማሪው «አባውት»ን ከሁለቱም ይነቅለዋል። ደግሞ «ዲስከስ አባውት 20 ኢሹስ» ቢወጣ አይደንግጡ፤ እዚያ ላይ «አባውት» ማለት «ወደ 20 የሚጠጉ» ነው።

መልስ 3፦ አንትኮንክን (AntConc፣ ኮንኮርዳንስ የሚያወጣ ፕሮግራም) ላፕቶፕ ላይ ይጫኑ፤ ነፃ ነው፣ ያለ ኢንተርኔትም ይሠራል። የመማሪያ መጽሐፉን ምንባቦች በቴክስት ፋይል፣ በዩቲኤፍ-8 (UTF-8 በተባለው የፊደል ኮድ) ያስቀምጡ። ስካን የተደረገ ፒዲኤፍ ግን ሥዕል ስለሆነ ምንም አይወጣለትም። ኮርፐሱ ትንሽ ከሆነ «አልተገኘም» ማለት «ስህተት ነው» ማለት አይደለም፤ ኮካ ላይ ያመሳክሩ።

ጠያቂ፦ አመሰግናለሁ፣ ከወረቀቱ እጀምራለሁ።