አዲስ የእንፋሎት ቦይለር ተተክሎ ቧንቧው ሁሉ ይንኳኳል፤ ቀሪውን ክፍያ እንልቀቅ?

የናሆም እናት

ሰላም ለሁላችሁ። ቤቱ ማልደን፣ ማሳቹሴትስ ያለ አሮጌ ቤት ነው። ማሞቂያው የእንፋሎት ሲሆን ባለ አንድ ቧንቧ ነው፤ እንፋሎቱ በወጣበት ቧንቧ ውሃውም ይመለሳል። የድሮው ቦይለር ተሰንጥቆ ስለነበር አንድ ኮንትራክተር በጋዝ የሚሠራ አዲስ ተከለልን።

አሁን እሳቱ በተነሣ ቁጥር ቧንቧው በመዶሻ የሚመታ ይመስላል። ፎቅ ያሉት ራዲያተሮች በአየር ማውጫቸው ውሃ ይተፋሉ። ቦይለሩ ላይ ባለው የውሃ መስታወት ውስጥ ውሃው ሁለት ኢንች ያህል ሽቅብ ቁልቁል ይላል፤ አንዳንዴ ጭራሽ ይጠፋና አውቶማቲክ ውሃ መሙያው ይከፍታል። ቦይለሩ ሁለት የእንፋሎት መውጫ አለው፤ የተጠቀመው በአንዱ ብቻ ነው። ከዚያ የወጣው ቧንቧ መዳብ ነው፤ ከአንድ ጎሚቶ (መታጠፊያ) በኋላ በቀጥታ ከአሮጌው ዋና መስመር ጋር ገጥሞታል። ቤዝመንት ውስጥ በመስመሩ ጫፍ የነበረውን ትልቁን የአየር ማውጫ ነቅሎ ደፍኖታል። ቅሬታ ስናቀርብ «እንፋሎት እንዲህ ነው» ብሎ ግፊቱን ወደ 5 ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ) አድርጎልን ሄደ።

ውሉ የሚለው «የድሮውን ያህል መጠን ያለው ቦይለር» ብቻ ነው። ገና ያልከፈልነው ቀሪ ክፍያ አለ። ይህ ሥራ ትክክል ነው? ካልሆነስ ምን ብለን እንጻፍለት?

ሜድፎርድ ቧንቧ

ክፍያውን ገና አትልቀቁ። እንፋሎት እንዲህ አይደለም። በደንብ የተተከለ ሲሆን የሚሰማው አየር ማውጫዎቹ ቀስ ብለው ሲተነፍሱ ነው፣ ሌላ ድምፅ የለውም።

የነገራችሁን ሁሉ አንድ ላይ ሳየው ቦይለሩ እርጥብ እንፋሎት እየላከ ነው፤ ከእንፋሎቱ ጋር የፈላ ውሃ ወደ መስመሩ ይወረወራል። የድሮ ቦይለሮች ሰፊ ሆድ ስለነበራቸው እንፋሎቱ እዚያው ውስጥ ከውሃው ይለይ ነበር። የዛሬዎቹ ትንሽ ውሃ ነው የሚይዙት፣ ስለዚህ የመለየቱን ሥራ የሚሠራው ከቦይለሩ አጠገብ ያለው ቧንቧ ነው። «የድሮውም እንዲሁ ነበር የተገጠመው» ቢላችሁ መልሱ ይኸው ነው።

ከቦይለሩ ጋር የመጣውን የመትከያ መመሪያ አውጡ። ከሌለ በሞዴል ቁጥሩ ከፋብሪካው ድረ ገጽ ይገኛል። የቧንቧው ሥዕል ትንሹን ግዴታ የሚያሳይ ነው፤ ሥዕሉን ከሠራው ሥራ ፎቶ ጎን አስቀምጡት። የሚታየው በግምት ይህ ነው። ከቦይለሩ የሚወጡት ቧንቧዎች ቀጥ ብለው ወጥተው ሄደር የሚባለው ወፍራም አግድም ቧንቧ ላይ ይገባሉ። ከመስታወቱ የውሃ መስመር እስከ ሄደሩ ታች ቢያንስ 24 ኢንች መኖር አለበት። ወደ ቤቱ የሚሄዱት መስመሮች ከሄደሩ የሚነሡት ሁለቱ መውጫዎች ከገቡበት በኋላ ነው፣ በሁለቱ መካከል ፈጽሞ አይነሡም። ሄደሩ ወደ ጫፉ ትንሽ ያዘነብላል፤ እዚያ ኢኳላይዘር የሚባለው ቧንቧ ቁልቁል ወርዶ የተለየውን ውሃ ወደ ቦይለሩ ታች ይመልሳል። ከቤቱ የሚመለሰው ውሃ ኢኳላይዘሩን የሚያገኘው ከውሃው መስመር ከ2 እስከ 4 ኢንች ዝቅ ብሎ በአጭር ኒፕል (ቁራጭ ቧንቧ) ነው፤ ሃርትፎርድ ሉፕ ይባላል። የመመለሻው ቧንቧ ቢያፈስ እንኳ ቦይለሩ ባዶ እንዳይሆን የሚጠብቀው እሱ ነው።

የእናንተ ሄደርም ኢኳላይዘርም የሌለው ከሆነ፣ ከጎሚቶ ወደ መስመሩ ቀጥታ መግባቱ ብቻውን ለመንኳኳቱ በቂ ምክንያት ነው። አንዱ መውጫ ብቻ ሲሠራ ደግሞ እንፋሎቱ በጠባብ በር በፍጥነት ስለሚወጣ ውሃውን ይዞት ይነሣል። አንዳንድ ሞዴሎች በአንድ መውጫ መሥራትን ይፈቅዳሉ፤ መመሪያው ላይ አረጋግጡ።

መዳብን ሕግ በጠቅላላው አይከለክልም፣ እንፋሎት ላይ ግን መጥፎ ምርጫ ነው። ሲሞቅ ከብረት ይበልጥ ይለጠጣል፣ የተበየደው መጋጠሚያም ያንን ጉተታ አይችልም፤ ጊዜ ጠብቆ ይሰነጠቃል። ሄደሩ በጥርስ የተገጠመ ጥቁር ብረት ይሁን።

ግፊቱን መጨመር ነገሩን የሚያባብስ ነው። ለመኖሪያ ቤት የግፊት መቆጣጠሪያው 0.5 ላይ አስነሥቶ ወደ 1.5 ሲደርስ ማጥፋት ይበቃዋል። በ5 ፒኤስአይ ብዙዎቹ አየር ማውጫዎች አንዴ ከተዘጉ ተመልሰው አይከፈቱም፣ ቶሎም ይበላሻሉ። የመስመሩ ጫፍ ማውጫ መመለስ አለበት፤ እሱ ከሌለ የመስመሩ አየር በሙሉ በትንንሾቹ የራዲያተር ማውጫዎች ነው የሚወጣው። ሲመለስ ከመጨረሻው ጎሚቶ 15 ኢንች ያህል ወደ ኋላ፣ ከቧንቧው በላይ ከ6 እስከ 10 ኢንች ከፍ ብሎ ይቀመጥ፤ ውሃ ሲወረወር እንዳይመታው።

ሲልቨር ስፕሪንግ ቴክኒሻን

ሜድፎርድ ካለው ሁለት ነገር ልጨምር።

አንደኛ፣ ቅባት። አዲስ ቦይለርና አዲስ የተቆረጠ ቧንቧ ዘይት ይዘው ይመጣሉ። ዘይቱ ውሃው ላይ ሲንሳፈፍ እንፋሎቱ ከፊቱ በቀላሉ መላቀቅ ስለማይችል ውሃው ይዘላል። ማረጋገጫው ቀላል ነው፦ ቦይለሩ ጠፍቶ ሲቀዘቅዝ ትንሽ ውሃ ቅዱ፣ ምግብ በማይሠራበት አሮጌ ድስት አፍሉት። አረፋ ከያዘና ከተንተከተከ ውሃው አልጸዳም። የሚጸዳው ከታች በማፍሰስ አይደለም፣ ዘይቱ ከላይ ነውና። ከውሃው መስመር ከፍታ ላይ ባለው ስኪም ፖርት በሚባለው ቀዳዳ ውሃው ሞቆ ሳይፈላ፣ እርሳስ በሚያህል ቀጭን ፈሳሽ ለብዙ ሰዓት ይወጣል። አንዴ አይበቃም፤ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ይደገማል። አብዛኛው መመሪያ ይህን የገጣሚው ሥራ አድርጎ ነው የሚጽፈው፣ ግን ሰዓት ስለሚበላ ብዙ ጊዜ ይዘለላል።

ሁለተኛ፣ መጠን። የእንፋሎት ቦይለር የሚመረጠው በድሮው ቦይለር ሳይሆን በራዲያተሮቹ ነው። የእያንዳንዱን ራዲያተር ቁመት፣ በአንድ ክፍል (ራዲያተሩ ከተገጣጠመባቸው ቁራጮች በአንዱ) ውስጥ ያለውን የአምድ ብዛትና የክፍሎቹን ብዛት፣ ከቦይለሩ ሰሌዳም «ኔት» የሚለውን ስኩዌር ፊት (ቦይለሩ ሊያሞቅ የሚችለውን የራዲያተር መጠን) ላኩልን።

የናሆም እናት

38 ኢንች ባለ 3 አምድ፦ 10፣ 8 እና 8 ክፍል። 38 ኢንች ባለ 2 አምድ፦ 9፣ 7 እና 6 ክፍል። መታጠቢያ ቤት 26 ኢንች ባለ 3 አምድ፣ 8 ክፍል። ሰሌዳው ኔት 425 ይላል። ሄደርም ሆነ ሃርትፎርድ ሉፕ አላየንም።

ሲልቨር ስፕሪንግ ቴክኒሻን

38 ኢንች ባለ 3 አምድ በክፍል 5 ስኩዌር ፊት ነው፤ 26 ክፍል 130 ይሆናል። ባለ 2 አምዱ በክፍል 4፤ 22 ክፍል 88። የመታጠቢያ ቤቱ በክፍል 3.75፤ 30። ድምር 248።

በስኩዌር ፊት 240 ቢቲዩ (የሙቀት መለኪያ) በሰዓት ሲታሰብ ራዲያተሮቹ የሚፈልጉት ወደ 59,500 ነው፤ የተተከለው 102,000 ያቀርባል። ኔት የሚለው ቁጥር ቧንቧውን ለማሞቅ የሚሆነውን ተጨማሪ ቀድሞ ቀንሶ የተጻፈ ስለሆነ «ለቧንቧው ነው ያበዛሁት» አያስኬድም። ቦይለሩ ከ70 በመቶ በላይ ይበዛል። ራዲያተሮቹ ሊጨርሱት የማይችሉትን እንፋሎት ስለሚያመነጭ ግፊቱ ቶሎ ይወጣል፣ እሳቱ ይጠፋል፣ ይነሣል፣ ይጠፋል። ጋዙም የሚባክነው እዚያ ላይ ነው። ይህን የቧንቧ ሥራ አያስተካክለውም። ጥያቄያችሁ ሁለት ቦታ ይከፈል፦ ቧንቧው በመመሪያው መሠረት እንደገና ይሠራ፤ መጠኑ ደግሞ ወይ ቦይለሩ ይለወጥ ወይ ከዋጋው ይቀነስ። በእኔ በኩል ሄደሩ ሳይነካ በፊት ቦይለሩ እንዲለወጥ እጠይቅ ነበር፣ ሁለቴ ከማፍረስ።

ውል ይከበር

ስለ ወረቀቱ። መጀመሪያ ከተማው የግንባታ ክፍል ደውላችሁ የጋዝና የቧንቧ ፐርሚት መውጣቱንና የመጨረሻ ኢንስፔክሽን መደረጉን ጠይቁ። ማሳቹሴትስ ውስጥ የጋዝ ሥራ ያለ ፐርሚትና ያለ ባለ ፈቃድ ሠራተኛ አይሠራም። ካልተመረመረ ኢንስፔክተሩ እንዲመጣ ጠይቁ፤ መመሪያውን በእጃችሁ ይዛችሁ ጠብቁት። ጋዝ መሣሪያ በፋብሪካው መመሪያ መሠረት መተከል ስላለበት ሥዕሉ ከእናንተ ጋር ይቆማል።

ደብዳቤው አጭር ይሁን። ስለ ድምፁ ብዙ አትጻፉ፤ ድምፅ ያከራክራል፣ ልኬት አያከራክርም። «መመሪያው ገጽ ይህን ያህል ላይ ሄደርና ኢኳላይዘር ይጠይቃል፣ የሉም። የራዲያተሮቹ ድምር 248፣ ቦይለሩ 425። የጫፍ አየር ማውጫ ተነሥቷል። ስኪም አልተደረገም። እስከዚህ ቀን አስተካክል፤ ቀሪው ክፍያ የሚለቀቀው ሲስተካከል ነው።» ክፍያ የያዛችሁበት ምክንያት በጽሑፍ መኖሩ ይጠቅማችኋል። በሰርቲፋይድ ሜይል ላኩ፣ ፎቶ አያይዙ። ሌላ ሰው ምንም ነገር ከመንካቱ በፊት ፎቶውና ቪዲዮው ይነሣ።

ዝም ካለ የግዛቱ የሸማቾች ሕግ፣ ምዕራፍ 93ኤ፣ ክስ ከመቅረቡ በፊት የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ይጠይቃል። ስሞል ክሌይምስ (የትንንሽ ክሶች ችሎት) እስከ 7,000 ዶላር ድረስ ያያል። ፈቃዱን በተመለከተ አቤቱታ የሚቀርበው ለግዛቱ የቧንቧና ጋዝ ሠራተኞች ቦርድ ነው።

የናሆም እናት

እግዚአብሔር ይስጥልን። እስኪስተካከል ድረስ ማሞቂያውን ማብራት እንችላለን? ብርዱ ከባድ ነው።

ሜድፎርድ ቧንቧ

የካርቦን ሞኖክሳይድ ማንቂያው በየፎቁ የሚሠራ ከሆነ፣ ጭሱም በጭስ ማውጫው በትክክል እየወጣ መሆኑ ከታየ፣ ውሃ ሲያንስ እሳቱን የሚያጠፋው መሣሪያ ከተፈተሸ ይቻላል። የመጨረሻውን ባለሙያ ይፈትሽላችሁ፦ እሳቱ እየነደደ ውሃው ቀስ እያለ ሲቀንስ መጥፋት አለበት። ግፊቱንም በዚያው ያውርድላችሁ፤ ኤሌክትሪኩ ሳይጠፋ የግፊት መቆጣጠሪያው ሳጥን አይከፈትም፣ ብሎኑም ከ0.5 በታች ከተዞረ የውስጡ ማያያዣ ሊወልቅ ይችላል።

መስታወቱን በቀን ሁለቴ እዩ። ውሃ ጠፍቶ እሳቱ ግን እየነደደ ካገኛችሁት አጥፉት፣ የውሃ መሙያውንም ዝጉ። የጋለ ባዶ ብረት ላይ ቀዝቃዛ ውሃ ከገባ ብረቱ ይሰነጠቃል። ለብዙ ሰዓት ይቀዝቅዝ፣ ከዚያ ሰው ጥሩ።