የአያቴን ውጅግራ መልኩን ሳላጠፋ እንዴት ልወልውለው?

የሐይቅ ዳር ልጅ (ሐዋሳ)፦

ጤና ይስጥልኝ። ከአያቴ ለአባቴ፣ ከአባቴ ደግሞ ለእኔ የደረሰ አንድ ውጅግራ የሚባል የድሮ ጠመንጃ አለኝ፤ ፈቃዱም በስሜ ዞሯል። በአባቴ ዘመን ሳሎን ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ይኖር ነበር። እኔ ልጆች እንዳይነኩት ብዬ ባለፈው ክረምት በቆዳ አፎቱ አድርጌ ቁም ሣጥን ውስጥ ቆለፍሁበት። መስከረም ላይ ሳወጣው ብረቱ ላይ ከአፉ እስከ መሐሉ ድረስ ቡናማ ነጠብጣብ ወጥቶበት አገኘሁት። እናቴ የናስ ዕቃ ስታጸዳ አይቼ ስለነበር በሎሚና በአመድ አንድ ስንዝር ያህል ፈተግሁት። ዝገቱ እውነትም ለቀቀ፤ ነገር ግን ጥቁር ሰማያዊ የነበረው መልኩም አብሮ ሄዶ ቦታው እንደ ማንኪያ ነጭ ሆኖ ቀረ። የአባቴ ሙት ዓመት ሲደርስ ዘመድ ሁሉ ያየዋል፤ አሁን እንዳለ ማሳየቱ ያሳፍረኛል። የቀረውንም በብርጭቆ ወረቀት ፈትጌ አንድ ዓይነት ላድርገው ወይስ ሌላ መላ አለ? የሰደፉ እንጨትም ደርቆ ነጣ ብሏል፤ የኑግ ዘይት ልቀባው አስቤ ነበር።

ባለ ቶርኖው (ሐዋሳ)፦

ወንድሜ፣ ብርጭቆ ወረቀቱን ያስቀምጡት። ያ ጥቁር ሰማያዊ መልክ ከላይ የተቀባ ቀለም ሳይሆን ብረቱ ራሱ በሥራ የለበሰው እጅግ ስስ የሆነ ጥቁር ዝገት ነው። ቀዩ ዝገት እየሰፋ ብረቱን ሲበላ፣ ጥቁሩ ግን ባለበት ይረጋል፣ ዘይትም ይይዛል። ሎሚ አሲድ ስለሆነ ቀዩንና ጥቁሩን ሳይለይ ያሟሟል፤ አመዱ ደግሞ የቀረውን ይፍቃል። እናትዎ አልተሳሳቱም፤ ለናስ የሚሆነው ለዚህ ብረት አይሆንም እንጂ።

ከሁሉ በፊት ጥይት አለመጉረሱን በዓይንዎም በጣትዎም ያረጋግጡ። ከዚያ ዝገቱን ቀጭን የማሽን ዘይት ቀብተው አንድ ቀን ያህል ይተዉት። በማግስቱ አራት ዜሮ የሚባለውን እጅግ ቀጭን የብረት ሱፍ በዚያው ዘይት ነክረው፣ መጀመሪያ እንጨቱ በሚሸፍነው ቦታ ላይ በጣት ጫፍ ቀስ ብለው ይሞክሩት። በጨርቅ ሲጠርጉት የሚወጣው ቡናማ ከሆነ ይቀጥሉ፤ ጥቁር መሆን ከጀመረ መልኩን እየነኩት ነውና ያቁሙ። ለጠነከረው ነጠብጣብ እኔ የምጠቀመው 1936 ዓ.ም. የተጻፈበትን የጃንሆይ የመዳብ አሥር ሳንቲም ነው፤ መዳብ ከብረት ስለሚለሰልስ ጠርዙ በዘይት ሲገፋበት ዝገቱን ቆርፎ ያነሣዋል፣ ብረቱን ግን አይጭረውም። የዕቃ ማጠቢያ ሽቦና የተቃጠለ የመኪና ዘይት አያስጠጉበት።

ክረምቱን ያበላሸው የሐይቁ እርጥበት ብቻ ሳይሆን አፎቱ ነው። ቆዳ እርጥበት ይስባል፣ ሲለፋም የገባበት ጨውና አሲድ ብረቱን እየነካው ይከርማል። አፎቱን ለብቻው ይስቀሉት።

የምሥራቅ በር (አዳማ)፦

እኔ በዚህ አልስማማም። የአጎቴን በልጅግ ጠመንጃ እዚህ አዳማ አንድ ብረት ቤት ወስጄ ሙሉ በሙሉ አስፈትጌ እንደገና አስጠቁሬዋለሁ። ዛሬ ከፋብሪካ እንደወጣ ያበራል፤ ያየው ሁሉ ይጠይቀኛል። ዝገት ያረፈበትን ነገር ታሪክ ነው እያሉ ማስቀመጥ ለእኔ ስንፍና ነው።

ሰም ቀቢው (አዲስ አበባ)፦

የአዳማው ወንድማችን በልጅግ ማማሩን አልጠራጠርም፤ ግን አንድ ነገር ልጠይቅዎ፤ ከተፈተገ በኋላ ቁጥሩ አሁንም ጠርዙ ሳይደበዝዝ ይነበባል? ለዓመታት የአሮጌ ብረት ዕቃዎች እንክብካቤ ላይ ስለሠራሁ፣ ፍተጋ መጀመሪያ የሚበላው ዝገቱን ሳይሆን ጽሕፈቱን እንደሆነ ደጋግሜ አይቻለሁ። ውጅግራ በ1874 እ.ኤ.አ. የፈረንሳይ ሠራዊት የተቀበለው፣ ስሙም ፉዚል ግራ ከሚለው የመጣ ባለ 11 ሚሊ ሜትር ጠመንጃ ነው። በብረቱ ላይ የተሠራበት ፋብሪካ ስምና ቁጥር ይገኛል፤ ወደ አገራችን ከገቡት መካከል ደግሞ የአንበሳ ምልክት ወይም የግእዝ ፊደል የተመታባቸው አሉ። ይህ ከጠፋ የቱም ቀለም አይመልሰውም። የታሪኩን ነገር እንኳ ብንተወው፣ በፈቃድ ወረቀት የሰፈረው ቁጥር ከብረቱ ላይ አልነበብ ሲል በጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ዘመን ባለቤቱን ምን ዓይነት ጣጣ እንደሚያገኘው መገመት አያቅትም።

ማጥቆሩም ቢሆን አንድ ዓይነት አይደለም። ዛሬ በብዛት የሚሠራበት መንገድ ብረቱን በኮስቲክ ሶዳና በናይትሬት ውሕድ ውስጥ 140 ዲግሪ ገደማ አፍልቶ የሚያጠቁር ነው፤ በሊድና በቆርቆሮ ቅይጥ የተበየደ ነገር ካለ ብየዳውን ያሟሟል፣ ሠሪውንም ያቃጥላል። በድሮው መንገድ ግን ብረቱ ሆን ተብሎ በስሱ እንዲዝግ ይደረግና በንጹሕ ውኃ ይቀቀላል፤ ቀዩ ወደ ጥቁር ሲለወጥ ትርፉ ይጠረግና ሥራው ብዙ ጊዜ ይደጋገማል። ለአንድ ስንዝር ነጭ ቦታ ግን ሁለቱንም አልመክርም። ነጩን እንዳለ ትተህ ሰም ቀባው፤ ከዓመታት በኋላ ራሱ ይጠይማል።

የንብ ሰም ከጧፍ ላይ ፍቀህ እንዳትቀባ ብቻ አደራ፤ በራሱ አሲድ አለው። በዚሁ ምክንያት ነው የብሪቲሽ ሙዚየም ላቦራቶሪ በ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. ከነዳጅ ዘይት በሚወጣ ሰም ላይ የተመሠረተውን፣ ሬኔሳንስ ዋክስ የሚባለውን ያዘጋጀው። ከውጭ የሚመጣ ሰው ካለህ አንዲት ትንሽ ጣሳ አስመጣ፤ ዘይቱን በደንብ ጠርገህ በስሱ ቀብተህ በጥጥ ጨርቅ ወልውለው። እስኪመጣ ድረስ ቀጭን ዘይት በየወሩ ይበቃዋል። ባዶ እጅህን ግን አታሳርፍበት፤ ላብ ጨው ስለሆነ የጣት አሻራ በዝገት ተጽፎ ይቀራል።

ለሰደፉ የኑግ ዘይት ይቅርብህ፤ አቧራ እየሰበሰበ ይጣበቃል። የተልባ ዘይት ይሻላል፤ ያውም በመዳፍ እየታሸ፣ ሁለት ሦስት ጠብታ ብቻ፣ አንዱ ሳይደርቅ ሌላው ሳይደገም። ዘይቱን የጠረግህበትን ጨርቅ ጨብጠህ ጥግ እንዳትጥለው፤ የተልባ ዘይት ሲደርቅ ሙቀት ስለሚያወጣ ጨርቁ ክብሪት ሳይነካው ሊነድ ይችላል። ውኃ ውስጥ ነክረው ወይም ደጅ ዘርግተህ አድርቀው።

የሐይቅ ዳር ልጅ (ሐዋሳ)፦

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። በሳንቲሙና በዘይቱ ሦስት ምሽት ሠራሁበት፤ ሎሚ ያልነካው ቦታ መልኩን እንደያዘ ነው፣ ነጩንም እንዳለ ትቼዋለሁ። ዘይቱን ስጠርግ ግን በቀኝ በኩል፣ እንጨቱ ከሚጀምርበት ከፍ ብሎ፣ አባቴም ነግሮኝ የማያውቅ አንድ የተመታ «መ» አየሁ። ግማሽ እግሩን ሎሚው በልቶታል።