የሜንተርሺፕ ግራንቱ በጀት፦ ለትኬት ነው ወይስ ለሚያነብልን ሰው?

አስተባባሪዋ፣ ስድስት ኪሎ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ከኡጋንዳና ከማላዊ አቻ ማኅበራት ጋር የምናስገባው ፕሮፖዛል ድራፍቱ ደርሷችኋል። ሐሳቡን ታውቁታላችሁ፤ ገቢያቸው ዝቅተኛ ከሆኑ አገሮች ለሚመጡ የፒኤችዲ ተማሪዎች ከአድቫይዘራቸው ሌላ አንድ ሜንተር እንመድባለን፣ ለዚያም ትንሽ ግራንት ይኖራል። እኔ ያልተዋጠልኝ በጀቱ ነው። ግማሽ ያህሉ ለአውሮፕላን ትኬት፣ ለሆቴልና ለመክፈቻ ወርክሾፕ ሄዷል። ሜንተሩ ድራፍት ለሚያነብበት ሰዓት ግን አንድ ብር አልተያዘም። ለጽድቅ ያነባል ብለን ነው መሰለኝ። እስኪ ሳትሸፋፍኑ ተናገሩ።

የጥቁር አንበሳዋ፦
እኔ ልጀምር። ወርክሾፕ አልጠላም፣ ሻይ ቡናውም ደስ ይላል። ግን የቸገረኝ እሱ አይደለም። ባለፈው አንድ ምዕራፍ ለአድቫይዘሬ ሰጥቼ ሲመለስልኝ መሀል ገጽ ላይ በቀይ እስክሪብቶ «ሪፈረንሱን አስተካክይ»፣ መጨረሻው ላይ ደግሞ «ጥሩ ነው፣ ቀጥይ» ይላል። በቃ። የመረጥኩት የስታትስቲክስ ሞዴል ልክ ይሁን አይሁን፣ መጠይቁን ሳይጨርሱ ያቋረጡትን ሰዎች ከዳታው ማውጣቴ ያዋጣኝ አያዋጣኝ፣ ምንም የተባለ ነገር የለም። ሰውዬው ክፉ ሆኖ አይደለም። ያስተምራል፣ በሽተኛ ያያል፣ ከኮሚቴ ኮሚቴ ይሮጣል፣ እንደኔ የሚጠብቁትም ብዙ ናቸው። ጊዜ ከየት ያምጣ? ስለዚህ አንድ ሰው ቁጭ ብሎ ከመጀመሪያው ገጽ እስከ መጨረሻው ያንብብልኝ። ሌላው ትርፍ ነው።

የአምስት ኪሎው፦
ልክ ነሽ። ግን ለሜንተር ይከፈል ያልን ዕለት ስሙን ብቻ የሚያስመዘግብ ሰው ይሰለፋል፣ አገራችንን እናውቃለን። ፈርሞ፣ አበሉን ተቀብሎ ውልቅ የሚለው ስንት ነው! ክፍያው በወር ሳይሆን በተነበበ ምዕራፍ ይሁን። ሜንተሩ አስተያየቱን በጽሑፍ ይልካል፣ ተማሪው ደርሶኛል ይላል፣ ያኔ ገንዘቡ ይለቀቃል። ሦስት ሳምንት ካለፈው ደግሞ ለሌላ አንባቢ ይዛወር። «ጥሩ ነው፣ ቀጥይ» አያስከፍልም።

ከኡፕሳላ፦
እኔ የተማርኩት በሳንድዊች ነው። የስዊድኑ የልማት ተራድኦ ድርጅት ሲዳ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲን ለረጅም ዓመታት ሲደግፍ በነበረበት ፕሮግራም ግማሹን እዚያ ግማሹን እዚህ ማለት ነው። የጠቀመኝ ስዊድን መምጣቴ ብቻ አይደለም። ድራፍት በላክሁ በሳምንቱ ተነቦ፣ ተሰርዞ ተደልዞ ይመለስልኝ ነበር። ለዚህ ትኬት አያስፈልግም። አንድ ሌላ ነገር። ኢናስፕ የሚባለው የእንግሊዝ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2007 የጀመረው ኦተርኤይድ ተመራማሪን ከሜንተር ጋር በኢንተርኔት በነጻ ያገናኛል። ለጋሹ መጀመሪያ የሚጠይቀን «እናንተ በምን ትለያላችሁ?» ብሎ ነው። መልስ አዘጋጁ።

አስተባባሪዋ፦
ጥሩ ጥያቄ ነው። እዚያ ሜንተሩ በጎ ፈቃደኛ ነው፣ ትኩረቱም ጽሑፍን ለጆርናል ማብቃት ላይ ነው። የኛ ከቲሲስ ፕሮፖዛሉ እስከ መጨረሻው ፈተና (ዲፌንስ) ከተማሪው ጋር ይዘልቃል፣ ክፍያም አለው። ይሄንን በመግቢያው ላይ በሁለት መስመር አስገባዋለሁ።

ከክልል የመጣው፦
ይቅርታ፣ አንድ ወገን ተረስቷል። እኔ የክልል ዩኒቨርሲቲ መምህር ነኝ፣ አዲስ አበባ የመጣሁት ለትምህርት ነው። ደሞዙ የዚያ፣ ኪራዩ የዚህ። ቅዳሜና እሁድ የግል ኮሌጅ አስተምራለሁ፣ ማታ ደግሞ የሰው ዳታ እተነትናለሁ፣ የራሴ ቲሲስ የሚደርሰው ከዚህ ሁሉ የተረፈኝ ጊዜ ነው፣ እሱም ካለ። ለሜንተር ብቻ ከፍላችሁ ለተማሪው ዜሮ ካደረጋችሁ ሜንተሩ የሚያነበውን ምዕራፍ ማን ይጽፍለታል? ብዙ አልጠይቅም። ለአንድ ሴሚስተር የኮሌጁን ክፍል የሚያስተወኝ ያህል ይያዝልን።

የጥቁር አንበሳዋ፦
ይሄ ይግባ በእውነት። ስትወልድ የምታቋርጥ ተማሪም ግራንቷ እንዳይቃጠል አንድ መስመር ይጨመር።

ገንዘብ ያዡ፦
ልጆች፣ የሒሳቡን ነገር ላንሳ። በሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ 1113/2011 ሦስተኛ ወገንን ለመጥቀም የተቋቋመ ድርጅት የአስተዳደር ወጪው ከጠቅላላ ገቢው 20 በመቶ መብለጥ የለበትም። የቆያችሁት የድሮውን 70/30 (ቢያንስ 70 በመቶ ለፕሮግራም፣ ቢበዛ 30 በመቶ ለአስተዳደር) ታስታውሳላችሁ፣ ያኔ ስንቱ የፕሮግራም ሥራ በአስተዳደር ስም ይቆጠር ነበር። አሁን ከፕሮጀክት አፈጻጸም ጋር የተያያዘ ወጪ አስተዳደር አይደለም። ስለዚህ የሜንተሩን ክፍያ «ልዩ ልዩ» ውስጥ አትወሽቁብኝ። ራሱን የቻለ መስመር ይሰጠው፣ መለኪያውም የተነበበ ምዕራፍ ይባል። ሁለተኛ፣ በጀቱ በዶላር ይታሰር። ሐምሌ 2016 የምንዛሬ ተመኑ ለገበያ ሲለቀቅ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር ብዙም ሳይቆይ 100 ብር አለፈ። በብር የታሰረ በጀት ላፕቶፕ ሊገዛ ሄዶ ማውዝ ይዞ ይመለሳል።

ፕሮፌሰር (ጡረታ)፦
ሁላችሁንም አነበብኩ። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ፒኤችዲ እ.ኤ.አ. በ1987 ሲጀመር ተማሪው በጣት የሚቆጠር ነበር፣ አድቫይዘርና ተማሪ በቅርብ ይተዋወቁ ነበር። አሁን ያ የለም፣ እስማማለሁ። ነገር ግን በሰው ተማሪ እጅ ማስገባት ያጣላል። አድቫይዘሩ «ከጀርባዬ ሌላ ሰው ጠየቅሽ» ካለ የምትጎዳው ተማሪዋ ናት። ስለዚህ አድቫይዘሩ ከመነሻው አውቆ ይፈርም። ሜንተሩ ውጤት አይሰጥም፣ ፈታኝ ሆኖ አይቀመጥም። ደግሞም ምዕራፍ አንብቤያለሁ ብሎ በሚታተመው ጽሑፍ ላይ ስሜ ይግባ እንዳይል አሁኑኑ በውሉ ይዘጋ። በዚህ ስንት ወዳጆች ተቆራርጠዋል። ለማንበብ እንደኔ ያለ ጡረተኛ ሞልቷል፣ ጠይቁን እንጂ።

የአምስት ኪሎው፦
ፕሮፌሰር፣ እግዜር ይስጥልን። እርስዎን የመጀመሪያው ሜንተር አድርጌ መዝግቤያለሁ፣ እምቢ ማለት የለም።
ማን ያመልክት የሚለው ግን አልተነካም። ድራፍቱ የዓለም ባንክ የዝቅተኛ ገቢ አገሮች ዝርዝር ላይ ያለ አገር ይላል። ዝርዝሩ በየዓመቱ የፈረንጆቹ ጁላይ ሲገባ ይከለሳል። ዛምቢያን ተመልከቱ፣ እ.ኤ.አ. በ2022 ወደ ዝቅተኛ ገቢ ወረደች፣ በ2023 ተመልሳ ወጣች። ፒኤችዲ ደግሞ ቢያንስ አራት ዓመት ይፈጃል። ተማሪው መሀል መንገድ ላይ አገርህ በለጸገች ተብሎ ሊባረር ነው?

አስተባባሪዋ፦
አይባረርም። ሲገባ የነበረው ሁኔታ እስኪጨርስ ይጸናል ብለን እንጽፋለን። ዜግነቱ ደግሞ ከሚማርበት ቦታ ጋር አብሮ ይታይ። እዚህ የሚማር ደቡብ ሱዳናዊ ስደተኛ ይገባል። አውሮፓ ሙሉ ስኮላርሺፕ ያለው የኛ ሰው ግን ወረፋ ይጠብቅ። ከኡፕሳላ፣ እንዳትቀየሚኝ።

ከኡፕሳላ፦
ኧረ ምን ቆርጦኝ! ግን ስብሰባውን ጭራሽ አትሰርዙት። ናይሮቢ ያለው ካርታ (CARTA) የሚባለው የአፍሪካ ተመራማሪዎች ማሠልጠኛ ኅብረት የፒኤችዲ ተማሪዎቹን በትምህርታቸው ጊዜ አራት ጊዜ ሰብስቦ አብረው እንዲሠሩ ያደርጋል። አንድ ላይ የገቡ ልጆች እርስ በርስ ድራፍት መነባበብ ይለምዳሉ፣ ያ ደግሞ በዙም ብቻ አይመጣም። ሆቴሉን ተዉትና አንድ ጊዜ በአካል ይገናኙ።

ከክልል የመጣው፦
ስድስት ኪሎ ክፍል እንለምን። ካምፓላና ሊሎንግዌ ላሉትም የዚያው አገር ሜንተር ካለ በየአገራቸው ይገናኙ፣ የሚበርር ሰው አይኖርም።

ገንዘብ ያዡ፦
እንዲህ ከሆነ የትኬቱን መስመር ሰርዤ ለሁለት እከፍለዋለሁ፤ ትልቁ ለንባብ፣ የቀረው ለተማሪው ሴሚስተር። የኡጋንዳና የማላዊ ሰዎች ካልተስማሙ ግን እንደገና መቀመጣችን ነው። የእነሱ ዩኒቨርሲቲ ለውጭ አንባቢ መክፈልን ይፍቀድ አይፍቀድ ይጠየቅልኝ።

አስተባባሪዋ፦
ዛሬ እጽፍላቸዋለሁ። የጥቁር አንበሳዋ የሜንተሩን አስተያየት መስጫ ቅጽ ታርቅቅ፣ ሞዴሉን፣ ዳታውንና ድምዳሜውን ለየብቻ የሚጠይቅ ይሁን። የአምስት ኪሎው የማመልከቻ መስፈርቱን። ፕሮፌሰር፣ የደራሲነቱንና የአድቫይዘር ፊርማውን አንቀጽ እርስዎ ቢጽፉልን። ሐሙስ ከሥራ በኋላ አምስት ኪሎ ሙዚየሙ አካባቢ ካፌ እንገናኝ፣ ሒሳቡን ማኅበሩ አይከፍልም።

ገንዘብ ያዡ፦
እሱን መስመር በደማቁ ጻፊልኝ።