ኢንስፔክሽን ለወደቀችው ካምሪ፦ ለእህታችን መልስ

ሰላም ለሁላችሁ። ትናንት ማታ አንዲት እህታችን የጻፈችውን አንብቤ ነው። ቨርጂኒያ ከገባች ገና ስምንት ወሯ ነው። ያለቻት የ2008 ካምሪ ኢንስፔክሽን ወደቀችባት። ጋራዡ ለጥገና 1,640 ዶላር ጠየቃት። «ላስጠግናት ወይስ ልጣላት?» ነው ጥያቄዋ።

እህቴ፣ አይዞሽ። ወደቀች ማለት አበቃላት ማለት አይደለም። እኔ አሌክሳንድሪያ ስኖር አስራ አንድ ዓመቴ ነው። በዚህ ሁሉ ጊዜ አዲስ መኪና ገዝቼ አላውቅም። ሁለት አሮጌ ቶዮታ ነው የነዳሁት። ልጆቼን ትምህርት ቤት ያደረስኩት፣ ሌሊት ሥራ የገባሁት በእነሱ ነው።

መጀመሪያ ጊዜ እንዳለሽ እወቂ። ኢንስፔክሽን ማለት እንደኛ ሀገር የዓመት ቦሎ በይው። ቨርጂኒያ ውስጥ ለቤት መኪና ዋጋው 20 ዶላር ነው። መኪናዋ ስትወድቅ 15 ቀን ይሰጥሻል። በነዚያ 15 ቀናት አሠርተሽ እዚያው ጣቢያ ከተመለስሽ፣ ድጋሚ የሚያዩልሽ በ1 ዶላር ነው። እነሱ ዘንድ አሠሪ የሚል ሕግ ግን የለም። ፈለግሽው ጋራዥ ወስደሽ አሠርተሽ ትመለሻለሽ። ይሄንን የሚነግርሽ ሰው ስለማይኖር ነው እዚህ የምጽፈው።

ሁለተኛ፣ በእጅሽ ያሉት ወረቀቶች ሁለት ናቸው። አንዱ የወደቀችበትን ምክንያት የሚዘረዝር ነው። የኢንስፔክሽኑን ሥራ የሚቆጣጠረው የቨርጂኒያ ስቴት ፖሊስ ነው፤ ጣቢያው በዚያ ወረቀት ላይ ያሰኘውን አይጽፍም። ሌላው የጋራዡ የዋጋ ግምት ነው። ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጪና አንብቢ። የመጀመሪያው ላይ ሦስት ነገር ብቻ ተጽፎ፣ ሁለተኛው ላይ ዘጠኝ ነገር ልታገኚ ትችያለሽ።

እኔ ላይ የደረሰው ይኸው ነው። ሁለተኛ ዓመቴ ላይ ኮሮላዬን ሰፈር ያለ ጋራዥ ወሰድኳት። 1,380 ዶላር አሉኝ። የደሞዜን ነገር አስቤ ሌሊቱን እንቅልፍ አልወሰደኝም። በማግስቱ አንድ ወዳጄ ወደ አንድ ሐበሻ መካኒክ ወሰደኝ። ትልቅ ሰው ናቸው፤ አዲስ አበባም ዕድሜያቸውን በዚሁ ሥራ ነው ያሳለፉት። ወረቀቴን እንኳ አላዩም። መኪናዋን አንስተው የኋላውን ጎማ ፈቱና «ና፣ በዓይንህ እይ» አሉኝ። በስልካቸው መብራት አበሩልኝ። የፍሬን ሸራው አልቆ ብረቱ ብቻ ቀርቷል። ብረቱ ዲስኩን ፍቆ ፍቆ እንደ ድሮ የሙዚቃ ሸክላ መስመር መስመር አድርጎታል። ጣቴን አሳልፌ ዳሰስኩት፤ ሻካራ ነው። «ይሄ ዛሬ ይቀየራል፣ ልጅ ትጭንበታለህ» አሉኝ። ከዚያ የፊቱን ፈቱ። ሸራው ገና ግማሹ አለ። «ይሄ ገና ነው። ለዚህ ገንዘብ አታውጣ።» ጋራዡ ግን አራቱንም ይቀየር ብሎኝ ነበር። በዚያ ላይ የካምቢዮ ዘይት እጥበት፣ የነዳጅ መስመር ጽዳት፣ ችንጋ። የወደቀችበት ወረቀት ላይ የነበረው የኋላ ፍሬንና የታርጋ አምፖል ብቻ ነው። በ310 ዶላር ጨርሼ ሄድኩ።

ስለዚህ እህቴ፣ «የወጣውን ዕቃ አሳዩኝ» ማለትን ልመጂ። ከመቀየሩ በፊት እይ፣ ከተቀየረ በኋላም አሮጌውን ጠይቂ። ጥሩ መካኒክ ይሄንን ሲጠየቅ አይቆጣም፤ ደስ ብሎት ነው የሚያሳይሽ። ዋጋውንም ሥራ ከመጀመሩ በፊት በጽሑፍ ተቀበዪ። «ከዚህ ካለፈ ሳትደውሉልኝ አትንኩ» በያቸው።

እዚህ ጋ ብዙዎቻችንን የሚያስቸግረን ቋንቋው ነው። ለዕለት ኑሮ የሚበቃ እንግሊዝኛ ይዘን እንኳ ጋራዥ ስንገባ ዝም እንላለን። ምክንያቱም የኛ ሀገር የጋራዥ ቋንቋ ግማሹ ጣልያንኛ ነው። እዚህ ካንዴላ ብትዪ የሚሰማሽ የለም፤ ስፓርክ ፕለግ ነው። ችንጋ ቤልት ነው። ማርሚታ መፍለር ነው። ጓርኒሲዮን ጋስኬት፣ ኩሽኔታ ቤሪንግ፣ ፍሬቻ ተርን ሲግናል፣ ስኮርት ስፔር ታየር። የፍሬን ሸራ ብሬክ ፓድ ይባላል፣ ዲስኩን ደግሞ ሮተር ይሉታል። ይቺን ስልክሽ ላይ ጽፈሽ ያዢ። ስሙን ስታውቂ ሰውየውም በደንብ ያስረዳሻል።

አሁን ወደ ራስዋ ወደ ካምሪ ልምጣ። የትኛው ይቆይ፣ የትኛው አይቆይ የሚለው ላይ እኔ ጥብቅ ነኝ። ፍሬን፣ ጎማ፣ መሪና ጎማዎቹን የሚይዙት የእግር መገጣጠሚያዎች አይቆዩም። ገንዘብ የለም ተብሎ የሚዘለሉ አይደሉም። ከሌለሽ ተበደሪ፣ ወይም መኪናዋን አቁመሽ በአውቶቡስ ሂጂ። የበር እጀታ፣ የቀለም መላጥ፣ አየር ማቀዝቀዣ፣ ትንሽ የዘይት ላብ፣ እነዚህ ይቆያሉ።

ጎማን ራስሽ ማየት ትችያለሽ። አንድ ሳንቲም ያዢ፣ የሊንከን ጭንቅላት ወደ ታች ሆኖ ጥርሱ መሃል አስገቢው። የጭንቅላቱ ጫፍ ሙሉ በሙሉ ከታየሽ ጎማው አልቋል። ሕጉ የሚለው ዝቅተኛ 2/32 ኢንች ነው፣ 1.6 ሚሊ ሜትር ገደማ ማለት ነው። ዕድሜውንም እይ። ጎማው ጎን ላይ በዶት (DOT) ከሚጀምረው ጽሑፍ መጨረሻ አራት ቁጥር አለ። 3519 ካለ በ2019 ዓ.ም. እ.ኤ.አ. በ35ኛው ሳምንት የተሠራ ነው። ያገለገለ ጎማ የምትገዙ ሰዎች በተለይ ይሄን ሳታዩ አትክፈሉ። ጥርሱ ሙሉ ሆኖ ጎማው ግን የደረቀና የተሰነጣጠቀ ሊሆን ይችላል።

ካምሪሽ ባለ 2.4 ሊትር፣ ባለ አራት ሲሊንደር ከሆነች ደግሞ አንድ የምነግርሽ ነገር አለ። ከ2007 እስከ 2009 የተሠሩት ዘይት በመብላት ይታወቃሉ። ከፒስተን ቀለበቱ ነው ችግሩ። ታች ጠብታ አታዪም፣ ጭስም ላይታይሽ ይችላል፣ ዘይቱ ግን እየጎደለ ይሄዳል። ዘይት የቀየርኩት በቅርብ ነው ብለሽ አትተማመኚ። ሁለት ጊዜ ነዳጅ በቀዳሽ ቁጥር ሞተሩ ቀዝቅዞ ሜዳ ቦታ ላይ ኮፈኑን ክፈቺ። መለኪያዋን ዘንግ አውጥተሽ በሶፍት ጥረጊያት፣ መልሰሽ አስገቢ፣ እንደገና አውጪ። ዘይቱ ከሁለቱ ምልክቶች መሃል መሆን አለበት። ከታችኛው ምልክት አጠገብ ከደረሰ ጨምሪ። የዘይት መብራት እስኪበራ አትጠብቂ፤ እሱ ሲበራ ሞተሩ ተጎድቶ ሊሆን ይችላል። ወዳጄ በዚህ ምክንያት ሞተር ያጣው መብራቱ በርቶ ቤት እስክደርስ ብሎ ስለነዳ ነው። ቤቱ አራት ማይል ነበር የቀረው።

መጣል ወይስ መጠገን ላልሽው፦ መኪናዋ ከስሯ ትታይ። ክረምት ላይ መንገድ ላይ የሚረጩት ጨው ከስር ብረቱን ይበላል። ዋናው አካል በዝገት ከተበሳ፣ ወይም ካምቢዮው ማርሽ መያዝ እያቃተው ከሆነ፣ ገንዘብሽን አታፍስሺበት። ከነዚህ ነፃ ከሆነች ግን አስጠግኚያት። በወር 450 ዶላር እዳ ብትገቢ በአራት ወር ያ 1,640 አልፏል፣ እዳው ግን ገና ዓመታት ይቀሩታል። አሮጌ መኪና ሌላም ጥቅም አለው። እዚህ ካውንቲውና ከተማው በየዓመቱ የሚያስከፍሉት የመኪና ግብር በዋጋዋ ልክ ነው፤ ለካምሪሽ የሚመጣብሽ ትንሽ ነው።

አንድ በነፃ የሚሠራልሽም አለ። ዳሽቦርዱ ላይ፣ በፊት መስታወቱ በኩል የሚታይ 17 ፊደልና ቁጥር አለ፣ ቪን ይባላል። የፌዴራሉ የመንገድ ደኅንነት መሥሪያ ቤት፣ ኒትሳ (NHTSA) የሚሉት፣ ድረ ገጹ ላይ አስገቢው። ያልተሠራ ሪኮል፣ ማለትም አምራቹ መኪናዋን ለጥገና የጠራበት ጉድለት፣ ካለ ይነግርሻል። ጥገናው ዲለር ጋ በነፃ ነው። በተለይ በ2000ዎቹ የተሠሩ ኮሮላና ሲቪክ ያላችሁ እባካችሁ ዛሬ እዩ። ታካታ የሚባለው ኩባንያ የሠራው ኤርባግ ጉዳይ ቀልድ አይደለም። ሲፈነዳ ብረት እየበተነ በአሜሪካ ብቻ ከ20 በላይ ሰው ገድሏል። ከሌላ ሰው የተገዛ ያገለገለ መኪና ከሆነ የሪኮሉ ደብዳቤ የሚሄደው ለድሮ ባለቤት ሊሆን ይችላል።

*

«ኢሚሽን ከኢንስፔክሽኑ የተለየ ነው ወይ?» ላለው ወንድማችን፦ አዎ፣ ኢሚሽን፣ የጭስ ምርመራው ማለት ነው፣ ሌላ ነው። ፌርፋክስ፣ አርሊንግተን፣ አሌክሳንድሪያ፣ ፕሪንስ ዊሊያም፣ ላውደን፣ ስታፈርድ ያላችሁ በየሁለት ዓመቱ ታደርጋላችሁ። ሜሪላንድና ዲሲም በየሁለት ዓመቱ ነው። ቼክ ኢንጂን የሚሉት የሞተር ማስጠንቀቂያ መብራት ከበራ አታልፉም።

«ባትሪውን ነቅለህ መብራቱን አጥፋውና ሂድ» ያለህን ሰው አትስማው። መብራቱ ይጠፋል፤ ኮምፒውተሩ ግን ራሱን ገና አልፈተሸም። ማሽኑ ላይ «ዝግጁ አይደለም» ብሎ ይመልስሃል። ጥቂት ቀን ከተማም ሀይዌይም ላይ መንዳት አለብህ። ያኔ ችግሩ ካልተጠገነ መብራቱ ተመልሶ ይበራል።

መጀመሪያ ኮዱን፣ ኮምፒውተሩ ስለ ችግሩ የመዘገበውን ቁጥር፣ አስነብብ። አውቶዞን የሚባለው የመኪና ዕቃ መሸጫ ሱቅ በነፃ ያነቡልሃል። ፒ 0455 ካለ የነዳጅ ክዳንህን እይ፤ ላስቲኩ ተሰንጥቆ ወይም በደንብ ሳይጠብቅ ቀርቶ ይሆናል። ክዳን ርካሽ ነው። ፒ 0420 ካለ ካታሊቲክ ኮንቨርተር፣ የጭሱን ማጣሪያ፣ ቀይር ሊሉህ ይችላሉ፤ እሱ ደግሞ ውድ ነው። ከመስማማትህ በፊት የጭስ መውጫው መስመር የሚያፈስ ቦታ እንዳለውና ኦክሲጅን ሴንሰሩ ደህና መሆኑን አስፈትሽ። እንደ እህታችን ካምሪ ዘይት የሚበላ ሞተር ከሆነ ደግሞ የሚቃጠለው ዘይት ነው ካታሊቲኩን የሚገድለው። ዘይት መብላቱ ሳይታይ አዲስ ብትገጥምለት አዲሱንም ያበላሸዋል።

*

እህቴ፣ መልስሽን አየሁ። የወደቀችበት ወረቀት ላይ ያሉት የፊት ፍሬን፣ የዋይፐር ላስቲክና አንድ የታርጋ አምፖል ብቻ ከሆኑ ደስ ብሎኛል። ዋይፐሩና አምፖሉ የዕቃ መሸጫ ሱቅ ያሉ ናቸው፣ ራስሽ ትቀይሪያቸዋለሽ። ፍሬኑን ግን ቅዳሜ አብረን እናሳያት፤ ከአራት ሰዓት በኋላ ነፃ ነኝ። ከ15 ቀኑ ስድስቱ አልፏል ብለሻል፣ ስለዚህ ለሚቀጥለው ሳምንት አናሳድረው። እስከዚያ ሀይዌይ አትውጪባት። የሁለቱንም ወረቀት ፎቶ አንስተሽ በውስጥ መስመር ላኪልኝ።