ኦፍሳይድ ላይ ባንዲራው ወዴት ይውረድ? ቅጣት ምቱስ ከየት ይመታ?

ጥያቄ፦ ጀማሪ ረዳት
ሰላም ለሁላችሁ። የረዳት ዳኝነት ስልጠና ላይ ነኝ። ኦፍሳይድ ሲሆን ባንዲራ ቀጥ ብሎ እንደሚነሳ ገብቶኛል። ከዚያ በኋላ ግን አንዴ ከፍ፣ አንዴ አግድም፣ አንዴ ዝቅ ሲደረግ አያለሁ። የሚያሳየው ከጎሉ ያለውን ርቀት ነው? ሁለተኛ፣ ቅጣት ምቱ የሚመታው አጥቂው ኳሱ ሲለቀቅ ከቆመበት ነው ወይስ ኳሱን ካገኘበት? በጨዋታ መሃልና ጨዋታው ቆሞ ዳግም ሲጀመር የት እንደምቆምም ብትነግሩኝ።

መልስ፦ የመስመሩ ሰው
ርቀት አይደለም፣ የሜዳውን ስፋት ነው የሚያሳየው። አጥቂው ከአንተ ማዶ፣ በሌላኛው መስመር በኩል ከሆነ ባንዲራው ከአግድም 45 ዲግሪ ከፍ ይላል። መሃል ከሆነ ከትከሻህ እኩል ይዘረጋል። አንተ ባለህበት ወገን ከሆነ 45 ዲግሪ ዝቅ ይላል።

ቅደም ተከተሉ ላይ ነው ብዙው ሰው የሚሳሳተው። መጀመሪያ ቁም፤ እየሮጥክ አታንሳ። ፊትህን ወደ ሜዳው አዙረህ በቀኝ እጅህ ክንድህን ቀጥ አድርገህ ወደ ላይ አንሳ። አታወዛውዘው፣ የሚወዛወዝ ባንዲራ የጥፋት ምልክት ነው። ፊሽካው እስኪነፋ እንዳለ ይቆይ፣ ወገኑን የምታሳየው ከዚያ በኋላ ነው። ቀድመህ ካወረድከው ዋናው ዳኛ ዞር ሲል የሚያየው ሌላ ነገር ነው፦ አግድም የመልስ ምት ይመስለዋል፣ ዝቅ ያለው የማዕዘን ምት፣ ከፍ ያለው ደግሞ የእጅ ውርወራ።

መልስ፦ ፊሽካ
ለሁለተኛው ጥያቄ፦ ጥፋቱ ከተፈጸመበት ቦታ ነው የሚመታው። ኦፍሳይድ ቦታ ላይ መገኘት ብቻውን ጥፋት አይደለም፤ ኳሱን ሲነካ፣ ተከላካይ ሲያደናቅፍ ወይም ከቦታው ሲጠቀም ነው ጥፋት የሚሆነው። ስለዚህ ሁለት ቦታ አለ፤ ኦፍሳይድ መሆኑ የሚለካው ኳሱ ሲለቀቅ በነበረበት፣ ምቱ ግን ጣልቃ በገባበት።

ለምሳሌ፣ ኳሱ ሲላክ አጥቂው ከመሃል መስመሩ 3 ሜትር አልፎ በተጋጣሚ ሜዳ ቆሟል፣ ከኋላ ሁለተኛውን ተከላካይም (በረኛው ተቆጥሮ) አልፎታል። ወደ ኋላ ተመልሶ በራሱ ሜዳ 4 ሜትር ገብቶ ኳሱን ነካ። ኦፍሳይድ ነው፣ ምቱም ከዚያው፣ ከራሱ ሜዳ ውስጥ ነው። እ.ኤ.አ. 2016 ላይ ሕጉ «የራሱን ሜዳ ጨምሮ» ብሎ ግልጽ አድርጎታል። «በራሱ ሜዳ ኦፍሳይድ የለም» እያሉ የሚጮሁት የቆመበትንና የነካበትን እያቀላቀሉ ነው።

ምቱ ቀጥተኛ ያልሆነ ቅጣት ምት ነው (በቀጥታ ጎል አይቆጠርበትም)፤ ተጋጣሚዎች 9.15 ሜትር ይርቃሉ። ዋናው ዳኛ እጁን ወደ ላይ አንስቶ ሌላ ተጫዋች እስኪነካው፣ ኳሱ እስኪወጣ ወይም በቀጥታ ጎል ሊገባ እንደማይችል ግልጽ እስኪሆን ይይዛል። እጁን ሳያነሳ ቀርቶ ኳሱ በቀጥታ ጎል ቢገባ ምቱ ይደገማል። ተከላካዩ ቡድን በራሱ አምስት ከሃምሳ (ትንሹ የጎል ክልል) ውስጥ ካገኘው ከየትኛውም የክልሉ ነጥብ መምታት ይችላል።

መልስ፦ ሰያፍ ሯጭ
አንድ ነገር ልጨምር፤ ለማንሳት አትቸኩል። ኳሱ ሲለቀቅ የነበረውን ምስል በአእምሮህ ያዝና ማን እንደሚነካው ጠብቅ። ኦፍሳይድ ያልነበረ ሌላ አጥቂ ከኋላ ሮጦ ሊወስደው ይችላል። የዘገየ ትክክለኛ ባንዲራ ከፈጠነ ስህተት ይሻላል።

አቋቋም ላይ፦ በጨዋታ መሃል ከኋላ ሁለተኛው ተከላካይ ጋር ተስተካክለህ ሂድ፤ ሁለተኛ ስል በረኛውን ቆጥሬ ነው። ኳሱ ከተከላካዩ ይልቅ ለጎል መስመሩ ከቀረበ ከኳሱ ጋር። ለአጭር ርቀት በጎን እየተራመድክ ተከተል፤ ጀርባህን ከሰጠህ መስመሩ ይጠፋብሃል።

የማዕዘን ምት ሲሆን ከማዕዘን ባንዲራው ኋላ፣ ከጎል መስመሩ ትይዩ፤ መቺውን እንዳትዘጋበት። ፍጹም ቅጣት ምት ሲሆን የጎል መስመሩና የአሥራ ስድስት ከሃምሳው መስመር በሚገናኙበት ነው (ቪኤአር፣ ማለትም የቪዲዮ ረዳት ዳኛ፣ ባለበት ግን ከመምቻው ነጥብ ትይዩ)። የመልስ ምት ላይ መጀመሪያ ኳሱ አምስት ከሃምሳ ውስጥ መቀመጡን እይ፤ ካልተቀመጠ ከቦታህ ሳትነቃነቅ ዳኛውን አይተህ ባንዲራ አንሳ። ከመልስ ምት፣ ከማዕዘንና ከእጅ ውርወራ በቀጥታ ኦፍሳይድ እንደሌለም አትርሳ።

ጥያቄ፦ ጀማሪ ረዳት
በጣም አመሰግናለሁ። ባንዲራዬን አንስቼ ዋናው ዳኛ ባያየኝስ? ውርወራ ላይስ እጅ እንዴት ልቀይር?

መልስ፦ የመስመሩ ሰው
ዋናው ዳኛ ካላየህ እንዳነሳህ ቆይ። የምታወርደው እሱ ምልክት ሲሰጥህ ወይም ተከላካዩ ቡድን ኳሱን በግልጽ ሲቆጣጠር ነው።

ውርወራ ላይ ባንዲራው ወደሚያሳይበት አቅጣጫ ባለው እጅ ይሁን፤ ወደ ቀኝህ ከሆነ ቀኝ፣ ወደ ግራህ ከሆነ ግራ። ስትቀይር ከወገብህ በታች ቀይር። ከፊትህ ከፍ አድርገህ ከቀየርክ ምልክት የሰጠህ ይመስላል። ለማን እንደሆነ ካልለየህ ቀጥ አድርገህ ብቻ አንሳና የዳኛውን እጅ ተከተል።